60 ካርድ ሰብስቤ ባዶ እጄን ገባሁ

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 26 ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። በሥራ ቀን የአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ከአዲስ አበባ ብዙም ያልራቁ ቦታዎችን በሕዝብ ትራንስፖርት እየዞርኩ የጉዞ ብሎግ እጽፋለሁ። ጥያን፣ አዳዲ ማርያምን፣ ደብረ ሊባኖስን፣ ወንጪን ጽፌአለሁ። 3,200 ያህል ተከታይ አለኝ። ባለፈው ወር ኤግዚቢሽን ማዕከል በተካሄደ የቱሪዝም ኤክስፖ ላይ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ዋልኩ። ወደ 60 የሚጠጋ ቢዝነስ ካርድና አንድ ፌስታል ሙሉ ብሮሸር ይዤ ተመለስኩ፤ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ወግ ያለው ወሬ አላወራሁም። አንድ የሎጅ ሥራ አስኪያጅ ‹ስንት ተከታይ አለሽ?› ሲለኝ ‹ትንሽ ናቸው፣ ገና ጀማሪ ነኝ› ብዬ በሐፍረት ሄድኩ። ስልኬን የሰጠሁት ሌላ ሰው ደግሞ ማታ ማታ እየደወለ እራት ካልጋበዝኩሽ ይለኛል። ጓደኞቼ ‹እዚህ ምን አለ? ተበድረሽም ቢሆን የበርሊኑ ቱሪዝም ኤክስፖ ሂጂ› ይሉኛል። በቅርቡ ሌላ ኤክስፖ አለ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ዓይን አፋሯ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ፌስታሉ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። እኔ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኤክስፖ በመጣ ቁጥር ከጠረጴዛው ጀርባ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ያንን ፌስታል አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መስቀል አደባባይን ሳይሻገር እጀታው ይበጠሳል፤ ቤት ከደረሰም ብሮሸሩ የቁም ሳጥን መሳቢያ ማንጠፊያ ይሆናል። እንግዲህ እኔ ቆሜ ከነበርኩበት በኩል ሆኜ ልመልስልሽ።

ቡዙ፣ ማለትም የድርጅቱ ማሳያ ቦታ ውስጥ የቆመው ሰው ቦታውን በካሬ ሜትር ተከራይቷል። ባነር አሳትሟል፣ ሠራተኞቹን ከቢሮ አውጥቶ አቁሟል፣ ከክልል የመጣ ከሆነ የአበሉም ነገር አለ። ያንን ሁሉ ወጪ የሚመልስለት ገዢ ነው። ስለዚህ በፊቱ የሚያልፈውን በዓይኑ ይለያል፦ ገዢ፣ ሌላ ነገር ሊሸጥለት የመጣ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ የሚያስሞላ ተማሪ፣ እስክሪብቶና ኮፍያ ፈላጊ። «ካርድ ይኖርዎታል?» ብለሽ እጅሽን ስትዘረጊ የተመደብሽው ከእስክሪብቶ ፈላጊዎቹ ጋር ነው። ንቆሽ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ እግሩ አብጧል፤ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ደጋግሞ ምላሱ ደርቋል።

በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀጭን ልጅ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ካርድ አልጠየቀም። ብሮሸራችንን ገልጦ ቆሞ አነበበና «እትዬ፣ የጥያን ርቀት በእጥፍ ነው እኮ የጻፋችሁት» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ማናችንም ልብ አላልነውም። እኔ ግን ጎኔ አንድ ፈረንጅ ቆሞ ስለነበር «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ፈረንጁ ካርዴን ተቀብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልጻፈልኝም። ልጁ አጠገባችን ወዳለው ቡዝ ዞሮ የእነሱንም ስህተት አገኘላቸው። በዓመቱ የጎረቤቶቻችንን ብሮሸር የጻፈላቸው እሱ ነበር፤ ከእንግዶቻቸው ጋርም እየተጓዘ ይጽፍላቸው ጀመር። እኛ ብሮሸሩ እስኪያልቅ ድረስ ጥያን እንዳራቅናት ከረምን።

ያ ልጅ ይዞ የመጣው ነገር አንቺም እጅ ላይ አለ። የሎጅ ባለቤት ወደ ሎጁ የሚሄደው በመኪናው ነው። መኪና የሌለው እንግዳ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ፣ ባጃጁ ስንት እንደሚጠይቀው፣ የመመለሻው የመጨረሻ ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ የሂሳብ ሰው ነሽ፤ የመንገድ ወጪሽን እስከ ሳንቲሙ ሳትመዘግቢ አትቀሪም። ያንን አንድ ገጽ ላይ አስፍሪውና ይዘሽ ግቢ። «ወደ እናንተ በሕዝብ ትራንስፖርት ሄጄ ነበር፤ ከመገንጠያው በኋላ ምልክት ስለሌለ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ» ብለሽ የጀመርሽለት ሥራ አስኪያጅ ወንበር ይስብልሻል። እስክሪብቶ ፈላጊ እንዲህ አይልም።

አሁን ወደ ተከታዮቹ ልምጣ፤ ያቺ መልስሽ በጣም ቆጭታኛለች። ሰውየው ሊያሳፍርሽ አልነበረም የጠየቀሽ፤ ሒሳብ እየሠራ ነው። የእኛ አገር ቱሪዝም ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠራው ለውጭ እንግዳ ነው። የአገራችን ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ሲፈጥሩ የሚጠሩት ከባሕር ማዶ ያለውን ሰው ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣነውም እንግዳ ስንል ፈረንጅ ማለታችን ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፤ በ2013 ጦርነቱ ተከተለ፤ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። ቅዳሜ ማታ አንሶላውን ያስቀየረው፣ እሁድ ምሳ የበላው የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሆነ። ብዙ ሎጆች ዛሬ የሚያድኑት ያንን ሠራተኛ ነው፤ አንቺ የምትጽፊውም ለእሱ ነው። ታዲያ «ትንሽ ናቸው» ማለትን ምን አመጣው?

በሚቀጥለው እንዲህ በይ፦ «3,200 ናቸው። አብዛኞቹ አዲስ አበባ የሚሠሩ፣ መኪና የሌላቸው፣ ቅዳሜና እሁድ መውጫ የሚፈልጉ ናቸው። ወንጪን ከጻፍኩ በኋላ ይህን ያህል ሰው መንገዱን ጠይቆኛል።» «ይህን ያህል» ያልኩትን ዛሬ ማታ መልእክቶችሽን ከፍተሽ ቁጠሪው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። አንዳንዱ ሰው ተከታይ በገንዘብ ይገዛል፤ 50 ሺህ ተከታይና 4 አስተያየት ያለው ገጽ ያየ የማርኬቲንግ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያው ፊትሽ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚያየው።

ለሚመጣው ኤክስፖ 60 ሰው አትፈልጊ፤ አምስት ይበቃሻል። የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ከአዘጋጁ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ማስታወቂያው ላይም ይወጣል። ትኬት የሚቆርጠው የጉዞ ወኪልና እንግዳ ይዞ የሚዞረው አስጎብኚ ለየቅል መሆናቸውን እወቂ፤ ላንቺ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የአየር መንገዶቹ ቡዝ ያምራል፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ እዚያ የሚቆሙት ልጆች ግን ስላንቺ የሚወስኑት ነገር ስለሌለ ፎቶ ተነሺና እለፊ።

ሰው የማይቆምባቸው የክልልና የዞን ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ቡዞች ናቸው፤ እኔ ብሆን ከእነሱ ነበር የምጀምረው። ሰዎቹ ቀን ሙሉ መንገድ ነድተው መጥተዋል፤ ጎብኚው ማሩን ቀምሶ፣ ከባህል ልብሱ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ስለ አገራቸው ቁም ነገር የሚጠይቃቸው የለም። 2016 ዓ.ም.ን አስቢው፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም ላይ፣ የመልካ ቁንጡሬና ባልጪት የአርኪዮሎጂ ስፍራዎች ደግሞ እንደ አንድ ቅርስ ሐምሌ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በአንድ ዓመት ሦስት! ከጌዴኦ የመጣ ባለሙያ ካገኘሽ «በእግር የሚኬደው የትኛው መንገድ ነው? ማደሪያ አለ? አስጎብኚ ወጣቶች ተደራጅተዋል?» በይው። ለአንቺ የሚሰጡት በጀት አይኖራቸውም፤ የአካባቢ አስጎብኚዎች ማህበር ሊቀ መንበር ስልክ፣ የበዓላት ቀን፣ የተዘጋ መንገድ ወሬ ግን አላቸው፤ ያንን ከብሮሸር አታገኚውም። መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከጻፍሻቸው ከአዳዲ ማርያምና ከጥያ ጋር በዚያው በቡታጅራ መስመር ነው። ሦስቱን በሕዝብ ትራንስፖርት በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ሞክረሽ የጻፍሽ ቀን ብዙ አስጎብኚ ያነብሻል፤ ባለመኪናውማ እንደሚቻል ያውቃል።

ሰዓትም አለው። የመክፈቻው ዕለት ጠዋት የሪባንና የካሜራ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ባለሥልጣን ሲያልፍ ለመጨበጥ ከረባቱን ያስተካክላል እንጂ አንቺን አይሰማም። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ሰው ሳይበዛ፣ ድምፅ ማጉያው ሳይጮህ ግቢ። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይሞቃል፣ ሁሉም ያዛጋል። የመጨረሻው ቀን ወደ 9 ሰዓት ግድም ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል። ባነር ሊወርድ ነው፣ የመጣው ገዢ መጥቷል፣ ያልመጣው ቀርቷል፤ አለቃው ወንበር ላይ ተዘርግቶ ጫማውን ፈታ አድርጓል። ብዙ እውነት የሰማሁት በዚያ ሰዓት ነው፤ የትኛው ሎጅ ሊሸጥ እንደሆነ ሳይቀር።

ቡና የሚያፈሉ ቡዞችን ደግሞ አትለፊያቸው። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ዱካ ላይ ቁጭ ትያለሽ፤ ሲኒ እጅሽ ላይ ስላለ እጄን የት ላድርገው ብለሽ አትጨነቂም። አቦሉ ላይ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ መዘጋት ይወራል። ቶናው ላይ «አንቺስ ከየት ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ገጽሽን የምታወጪው ያኔ ነው። በረካውን ሳትጠጪ ተነሥተሽ ብትሄጂ ግን ቡና ያፈላችው ታዝንብሻለች።

የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ብሮሸር የምታድለውን ልጅ ብዙ ሰው እንደ ዕቃ ያልፋታል። ለሁለትና ለሦስት ቀን የተቀጠረች ተማሪ ትሆናለች፤ ሆኖም አለቃው ማን እንደሆነ፣ ምሳ ወጥቶ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ዛሬ ተቆጥቶ እንደዋለ ታውቃለች። ስሟን ጠይቂያት፣ ውሃም ግዢላት። «ጋሼ 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ያኔ ነይ» ያለችሽ እንደሆነ ከማንኛውም ቀጠሮ ይበልጣል።

ሰውየውን ስታገኚ በ«እርስዎ» ጀምሪ፤ እሱ ራሱ «አንተ በይኝ» እስኪል አትቸኩዪ። የኛ ሙያ ውስጥ ፀጉሩን ያስረዘመ፣ ጂንስ የለበሰ ሰው አያታልልሽ፤ «አንቱ» መባልን አጥብቆ የሚፈልገው አንዳንዴ እሱ ነው። ብዙ አትቆዪ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገዢ ሲመጣ ካየሽ ራስሽ «ሥራ አላስፈታዎት» ብለሽ ገለል በይ። ይህችን ያደረገችልኝን ሰው እኔ አልረሳም ነበር። ካርዱን ስትቀበዪ ከአዳራሹ ሳትወጪ ጀርባው ላይ ጻፊበት፦ ምን አወራችሁ፣ ምን ቃል ገባሽለት። ያልተጻፈበት ካርድ በሳምንቱ ማን እንደሰጠሽ አታስታውሽውም።

ነፃ ማደሪያ መጀመሪያ ቀን አትጠይቂ። ሎጆችና አስጎብኚዎች ጋዜጠኛና የጉዞ ወኪል ይዘው የሚወጡበት የመተዋወቂያ ጉዞ አለ፤ ሰው የሚመርጡት ግን ከሚያውቋቸው ነው። ጊዜው ሲደርስ ስትጠይቂም ሐምሌና ነሐሴን ጠይቂ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ወቅት ክፍል ይሸጣል፤ በክረምት ባዶውን ያድራል፤ ላንቺ መስጠት ብዙም አይከብዳቸውም። ጭቃው ያንቺ ነው፣ ቦት ጫማ ግዢ። በነፃ አድረሽ የጻፍሽውን «በግብዣ ነው ያደርኩት» ብለሽ ለአንባቢዎችሽ ንገሪያቸው፤ ይህን የማይፈቅድ ጋባዥ ካጋጠመሽ አትሂጂ።

ትልቁ ሥራ ግን አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ካርድ የሰጠኋቸው ሰዎች ከአሥሩ ስንቱ የጻፉልኝ ይመስልሻል? አንድ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ጻፊ። የድርጅቱን ኢሜይል እርሺው፣ ማንም አይከፍተውም፤ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ይሁን። «ላስታውስዎት ብዬ ነው» የሚል ባዶ ሰላምታ አትላኪ፤ መልስ የሚያስፈልገው ነገር ላኪ። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። ሐሙስ ዕለት ኤግዚቢሽን ማዕከል ስለ ሚኒባሱ መውረጃ ያወራን ነኝ። የነገሩኝን ይዤ መንገዱን ጽፌዋለሁ፣ ሰኞ ይወጣል። የክፍል ዋጋና ስልክ የጻፍኩበትን ክፍል ልኬልዎታለሁ፤ የተሳሳተ ካለ ቢያርሙኝ።»

ዋጋው ተሳስቶ እንዲወጣበት የሚፈልግ ነጋዴ የለምና ይመልስልሻል። ካልመለሰ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ደውይ፤ ሰኞ ጠዋትንና ዓርብ ከሰዓትን ተይ። ከዚያ ወዲያ አትከተዪው።

ማታ ማታ የሚደውለውን በተመለከተ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ይሉኝታ ይዞሽ እንጂ መልሱን ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ በጽሑፍ «የሥራ ጉዳይ ካለዎት በሥራ ሰዓት በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ለሌላ ነገር አልተገኘሁም» በይውና መልእክቱን አስቀምጪ። ከደገመ ቁጥሩን ዝጊ። በሚመጣው ኤክስፖ ላይ ቡዝ ይዞ ካየሽው ለአዘጋጆቹ ንገሪ፤ ያስቀመጥሽው መልእክት ያኔ ይጠቅምሻል። ከእንግዲህ ለሥራ የምትሰጪው ቁጥር የተለየ ሲም ይሁን፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይጠፋል። እንገናኝ ያለሽን ሰው ሁሉ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ አግኚው። እኔ ቶሞካን እወድ ነበር፦ ቡናው ቆሞ ነው የሚጠጣው፣ ሲኒው ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። እውነተኛ የሥራ ጉዳይ ያለው ሰው በዚህ አይቀየምም። ለተቀየመ ደግሞ አትዘኚለት።

በርሊንን ለጊዜው ተዪው። አይ ቲ ቢ የሚባለው የበርሊኑ ቱሪዝም ኤክስፖ እንደ ፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ ያለ የማርች ገበያ ነው፤ የለንደኑ ወርልድ ትራቭል ማርኬት ደግሞ በኖቬምበር ይካሄዳል። እዚያ ሰው የሚገናኘው ከሳምንታት በፊት በተያዘ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ የሌለው ኮሪደር ሲለካ ይውላል። በአማርኛ «3,200 ናቸው» ማለት ያቃተሽ ልጅ ተበድረሽ ሄደሽ በእንግሊዝኛ ምን ልትዪ ነው? በዚያ ገንዘብ ጌዴኦንም ባሌንም ኮንሶንም ትደርሺያለሽ። የጻፍሽው ሲበዛ፣ እዚያ የሚቀጥርሽ ሰው ሲኖር፣ በጋዜጠኛ መግቢያ ታመለክቻለሽ፤ ያኔ ጻፊልኝ፣ ቲኬቱን ስትቆርጪ ምን ማየት እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።

ስለዚህ ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን ከ60ው ካርድ ውስጥ የሎጁን ሥራ አስኪያጅ ፈልጊ። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ግድም ደውይለትና «ያን ዕለት ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎት ሄጄ ነበር፤ 3,200 ናቸው» በይው፤ ከዚያ ስለ መንገዱ ንገሪው። የቀሩትን 59 ካርዶች መጣል ትችያለሽ። ፌስታሉን ግን እንዳትጥይው፤ ከብሮሸሮቹ መካከል የተሳሳተ ርቀት አይጠፋም።